ድንቡሼ በገዛ ድምጿ

ድንቡሼ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አሥራ ስድስቱን ካሜራ ፊት ነው የኖረችው። እስከ ዛሬ ግን አንድ ሰው እንኳ በፊልም ላይ ድምጿን ሰምቶ አያውቅም። እያጋነንኩ አይደለም! ያ ሁላችሁም የምታውቁት ቀጭን፣ የሚያባብል ድምፅ የእሷ አይደለም፤ የአራት ልጆች እናት የሆኑ የአንዲት ሴትዮ ነው።

አባቷ የቴሌቪዥን ጣቢያው ልብስ ሰፊ ነበር። እናቷ በአራስነት ስለሞተች ልጁን የሚተውበት ቢያጣ ሥራ ቦታ ይዟት ይውላል፤ እሷም ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቃቅም ነው ያደገችው። ስድስት ዓመቷ ላይ አንድ ዳይሬክተር ልብስ ሊወስድ ገብቶ አያትና ጉንጯን ቆንጥጦ፣ «ይቺን ድንቡሼ ከየት አመጣሃት?» አለ። ስሟ በዚያው ቀረ። በሳምንቱ በአንድ የቤተሰብ ድራማ ላይ የመጨረሻ ልጅ ሆና ተቀረጸች። አፏን ስትከፍት ግን ሰዉ ሁሉ ክው አለ። ጎርናና ናት፤ ቁርጥ አባቷን! «መልኳ የመልአክ፣ ድምጿ የአውቶቡስ ረዳት» ብሎ ዳይሬክተሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሴትዮዋ የተጠሩት ያኔ ነው። ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሹራባቸውን እየሠሩ፣ የልጅቷን ከንፈር በዓይናቸው እየተከተሉ ይናገሩላታል። ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር መቼ አልቆ ያውቃል? ድራማው ዘጠኝ ዓመት ሄደ፤ ማስታወቂያውም፣ ፊልሙም በዚያው ድምፅ ቀጠለ። ታክሲ ተሳፍራ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ስትል ሹፌሩ ዞር ብሎ «ምነው ድንቡሼ፣ ጉንፋን ያዘሽ?» ይላታል። ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን አሁን ያንገበግባታል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ስኳር የአባቷን ዓይን ወሰደው። ስፌቱ ቀረ። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ጆሮውን ቢያቀና የሚሰማው ሴትዮዋን ነው። «የሰው ልጅ ነው እንዴ ያሳደግኩት?» እያለ ይቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱም ቀረና፣ የእሷ ድራማ ሲጀምር ተነስቶ በዳሰሳ ወደ መኝታው ይገባል። አንድ ቀን ግን አወጣው፤ «ሥራሽን አንዴ ሰምቼው ብሞት አይቆጨኝም» አላት።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ፕሮዲዩሰር ለአዲስ ፊልም ሲጠራት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሠሪዋን ፍርድ ቤት የምታቆም የፋብሪካ ሠራተኛ ሆና ትጫወታለች፤ ዋናዋ እሷ ናት።

«ጋሼ፣ በገዛ ድምፄ ከሆነ እሺ።»

«ምን ችግር አለው! እንዲያውም ሻካራ ድምፅ ነው የምንፈልገው።»

በአፍ ነው እንግዲህ። ወረቀት ላይ አስፍሪው የሚላት ዘመድ እንኳ አልነበራትም፣ የኔ ሞኝ! እየሮጠች ሄዳ ለአባቷ «ድምፄን ልትሰማ ነው» ብቻ አለችው። እሱም ከሳጥን ሥር ሱፍ ልብሱን አውጥቶ «ተኩሺልኝ» አላት። ፊልሙ እኮ ገና መቀረጽ አልጀመረም!

ሦስት ወር ሙሉ እንደ ጉድ ሠራች። የፍርድ ቤቱን ትዕይንት ስትቀረጽ የጮኸችው ጩኸት መብራት ያዦቹን ሳይቀር አፍዝዞ አስቀራቸው። «ይሄን ነው አባዬ የሚሰማው» እያለች ደስታዋን አልቻለችውም።

ፊልሙ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴትዮዋ ደወሉላት።

«ልጄ፣ ከሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። ትናንት ጨረስኩ።»

«ምኑን እትዬ?»

«አንቺን።»

ፕሮዲዩሰሩ ቢሮ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። እሱ ግን ምንም አልመሰለው። «ለሙከራ ጥቂት ሰዎች ጠርተን አሳየን። ‹ድምጿን ማን ቀየረው?› አሉ። ምን ላድርግ? ሕዝቡ የሚያውቅሽ በዚያኛው ነው።»

«ጋሼ፣ አባቴ አያይም። የፍርድ ቤቷን ብቻ ይተዉልኝ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

ስልኩን እየነካካ «እሺ፣ እናያለን» አላት። እናያለን ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? እሷ ግን አጥብቃ ያዘቻት። ለአባቷም አልነገረችውም፤ በምን አንጀቷ ትንገረው!

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ ሱፉን ለብሶ፣ እጇን ይዞ ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ያ ቀጭን ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ሴትዮዋም አለችበት እንዴ?» አለ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ።

«አሉበት አባዬ።»

አባቷ አዲስ ሰው በተናገረ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ እሷ አለመሆኗን ሲያውቅ መልሶ ይደፋል። አንድ ሰዓት እንዲህ ሄደ። የፍርድ ቤቱ ትዕይንት ሲደርስ እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ስክሪኑ ላይ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ አፏ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ የወጣው ግን ያው የሚያባብለው ድምፅ ነው። ያ የተረገመ ሰውዬ አንዲት ቃል እንኳ አልተወላትም! ሕዝቡ አለቀሰ፣ አጨበጨበ።

«መቼ ነው አንቺ የምትገቢው?» አላት አባቷ።

ያቺ እኮ እኔ ነኝ ልትለው ከጅሏት ነበር። ብትለውስ ምን ያደርግለታል?

«አለፍኩ እኮ አባዬ። የኔ ትንሽ ነበረች።»

እጇን ለቆ ጉልበቱን መታ።

«እንቅልፍ ወስዶኛል ማለት ነው» አለ። «አይ እኔ! ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቄ ተኛሁብሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።»