ባምባሲ እንዳለሁ የጻፍኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብላ ትነካካ ጀመር። «አክስቴ፣ ሎኬሽንሽን ልክፈትልሽና የት እንዳለሽ ሁሌ እንይ» አለችኝ። ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። ልጅቷ ደነገጠች፣ እኔም አፈርኩ።

እንዲህ ያደረገኝ ነገር የቆየ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ፌስቡክ የከፈትኩ ሰሞን ነበር። አሶሳ አብራኝ የተማረችው ሃዋ፣ አላገባህም ስትለው «እጠልፍሻለሁ» ብሎ የዛተባትን ሰው ሸሽታ ባምባሲ አክስቷ ቤት ተደብቃለች። ከቤተሰቧ ሌላ ያለችበትን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ናፈቀችኝና ማንጎ በሚደርስበት ወቅት በሚኒባስ ሄድኩ። አክስቷን ኻልቲ እንላታለን፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም።

«አንተ ስትመጣ ሰው አይቷል?» አለችኝ ገና ከበር።

«ኧረ ማንም አላየኝም፣ ኻልቲ!»

ከጓሮው ማንጎ ሥር ተቀምጠን፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን እየወረደ በላን። ምን አለፋችሁ፣ የዛን ቀን ሳቃችን! ራሴን ብቻ ፎቶ አነሳሁና «ባምባሲ» ብዬ ለጠፍኩት። የሃዋን ፊት አለማውጣቴ ብልህነት መስሎኝ። አይ እኔ! አሶሳ ውስጥ እኔንና ሃዋን ለያይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ካለሁበት እሷ አለች። ባምባሲ ደግሞ ትንሽ ናት፣ እንግዳ የገባበትን ቤት ጠይቆ ማግኘት አያቅትም።

ፎቶ የሌለው፣ ስሙንም የማላውቀው ሰው «ማንጎው ጣፈጠ?» ብሎ ጻፈ። ስቄ አለፍኩት። ከምሳ በኋላ እዚያው ማንጎው ሥር እንደተቀመጥን ያው ሰው በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። የእኔ ጀርባ፣ ከጎኔ የሃዋ ቢጫ ሻርፕ፣ መሃላችን የማንጎው ሳህን። ፎቶው ላይ ሦስት ማንጎ ይታያል። ሳህኑን አየሁ፤ ሦስት ነው የቀረው።

ዞሬ ማየት አቃተኝ። ከኋላችን የቀርከሃው አጥር ጭጭ ብሏል። ስልኩን ለኻልቲ ሰጠኋት። አየችውና የሃዋን እጅ ይዛ በጎረቤት ግቢ በኩል ወጣች። እኔ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ማንም የለም። ሳሩ ተረግጧል፤ ቀርከሃው መሃል ዓይን የሚያሳልፍ ክፍተት ተከፍቷል።

ኻልቲ ብቻዋን ተመለሰች። «ማን ነው የነገረው? አንተ ነው?»

«እኔ ነኝ» ብዬ አለቀስኩ።

ሃዋ በዚያው ዕለት ከባምባሲ ወጣች። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አልፈርድባቸውም። ሰውየው አላገኛትም። አጥሩ ማዶ የቆመው እሱ ራሱ ይሁን የላከው ሌላ ሰው ግን ዛሬም አላውቅም፤ ገበያ ውስጥ ስልኩን አይቶ ቀና የሚልብኝ ሁሉ እሱ ይመስለኛል።

ሃዋ ለኢድ ለኢድ ትደውልልኛለች፤ ቁጥሯ ሁሌ አዲስ ነው። ዘንድሮ ከበስተኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

«አሁንማ አለፈ፣ ያለሁበትን ልንገርሽ» አለችኝ።

«ተይ ሃዋዬ፣ አትንገሪኝ» አልኳት። በጣም ናፍቃኛለች፤ ግን የማላውቀውን ላወጣባት አልችልም።