ምልክቱን ተናገር

ልጄ ጋዜጠኛ ናት። ክረምት ላይ ከቀበሌው የታደለን የገብስ ዘር አልበቀለም ብላ በሬዲዮ አወራች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን ሰምቶ «የጠላት አፍ» አላት። ወሬው ሲደርሰኝ አፈርኩና እኔም በዚያው ስም ጠርቻት ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ከለከልኳት።

እሷም ሽማግሌ ሰበሰበችብኝ።

እኛ ዘንድ በግ ጠፋብኝ የሚል ሰው፣ በጉን ሳያይ በፊት የጆሮውን ምልክት መናገር አለበት። ካልተናገረ አይሰጠውም። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ወንድይፍራው በዚሁ ያዙኝ።

«ልጅህን የጠላት አፍ ብለሃታል። እስቲ ምልክቱን ተናገር። ጠላቱ ማነው? እሷስ የቱን ዋሸች?»

አያ ወንድይፍራው ቀጠሉ። 

«ያንተ ገብስ በቅሏል?»

«አልበቀለም።»

«ታዲያ ስሙን ከማን ተቀበልከው?»

ሊቀመንበሩ ከሰው መሐል ተቀምጦ ነበር። ወደ እሱ ዞርኩ፤ ሰውም ሁሉ አብሮኝ ዞረ። አሁን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለ። ቀጥሎ ያለውን ዓይነት ነገር ሹም በአደባባይ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

«የኔም ማሳ ባዶ ነው» አለ። «ልጅቷ እውነቷን ነው።»