አረንጓዴው ፊውዝ

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤትም አያውቀውም። የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። እዚህ ሳውዲ ቄስ ከየት ይመጣል? አገር ቤት ሆነው በስልክ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ?» ይሉኛል፤ እኔም «ደህና ነኝ አባ» እላለሁ፤ በዚሁ ያልቃል። ስለዚህ ለማታውቀኝ ለአንተ ልናገር። እንድታዝንልኝ ግን አይደለም።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ያኔ በየመን በኩል ገብቼ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረኝ፣ ደማም ውስጥ ጋራዦች በተደረደሩበት ሰፈር ተደብቄ እሠራ ነበር። ሥራውን ያስገኘልኝ ጋሽ ሁሴን ነው። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ አል ሻጢእ በሚባለው ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ሹፌር ሆኖ ይሠራ ነበር። ሽቦ ስነካካ ስለሚያየኝ «አያ ሽቦ» እያለ ይቀልድብኛል። ረመዳን ሲሆን ከማዳም ቤት ሳምቡሳ ያመጣልኝና «ብላ፣ ያንተ ጾም እንደሆነ ገና ነው» ይለኛል። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ደሴ ኮሌጅ የምታስተምራት ያቺው የሹፌርነት ሥራ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማዳምን መኪና ይዞ መጣ። የፊት መብራቱ ፊውዝ በየጊዜው እየተቃጠለ አስቸግሮታል። ለካፊሉ፣ ማለትም ለአሠሪው፣ አልነገረውም፤ ቢነግረው «ምን አድርገኸው ነው?» መባሉ አይቀርም። በደረቁ ከመወቀስ ብሎ ዝም ብሎ ወደ እኔ አመጣው።

ጥፋቴ እንዲገባህ መብራቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብህ። ከባትሪ የወጣው ኃይል በፊውዝ አልፎ ሪሌ ወደምትባል ትንሽ ሳጥን ይገባል። ከሪሌው ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል፤ ከዚያ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። መሪው አጠገብ ያለው ማብሪያ ያን ሁሉ ኃይል አይሸከምም፤ ሪሌውን ብቻ ነው የሚያዘው። ፊውዙ ደግሞ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ነው። የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ሲነካ ኃይሉ ከልክ ያልፋል፤ ያኔ ፊውዙ ይበጠስና ሽቦው ይተርፋል። ፊውዝ ደጋግሞ ተቃጠለ ማለት የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው። ይህን አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።

የተላጠውን ለማግኘት የፊቱን ፓራውልት፣ መከላከያውን ማለቴ ነው፣ ማውረድ ነበረብኝ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እሱም የማዳምን ልጆች ከቁርኣን ትምህርት ሊያመጣ ቸኩሏል። ሰማያዊውን ባለ አሥራ አምስት አምፒር ፊውዝ ነቀልኩና አረንጓዴውን ባለ ሠላሳ ሰካሁ። መብራቱ ቦግ አለ። ለዚያ ቀጭን ሽቦ ባለ ሠላሳ መስካት ምን ማለት ነው? ሽቦው ይቅለጥ ማለት ነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። «ለጊዜው ነው፣ ነገ መልሰህ አምጣው» እንኳ አላልኩትም። ሰነፍኩ፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም። ጋሽ ሁሴን የስልኩን መብራት ይዞልኝ ቆይቶ «አላህ እጅህን ይባርከው» ብሎኝ ሄደ።

መብራቱ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ማዳምንና ትንሿን ልጇን ከጎረቤት ከተማ ከኹበር ወደ ደማም ሲመልስ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ፤ ሁለቱም የፊት መብራቶች ድርግም አሉ። ዳር እይዛለሁ ሲል ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተመ። የልጅቷ ክንድ ተሰበረ።

መኪናው ተጎትቶ የመጣው እኛ ጋራዥ ነው። እኛ ጋ ይምጣ ያለው ራሱ ጋሽ ሁሴን ነበር፤ ለካፊሉ «እዚያ የሚያውቅ ልጅ አለ፣ እሱ ይየው» ብሎታል። እኔ ከዚያ በፊት እንደነካሁት ግን ትንፍሽ አላለም። ካፊሉ እስኪደርስ ኮፈኑን ከፈትኩ። አረንጓዴውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ከተጣሉት መሃል አንድ የተቃጠለ ሰማያዊ ፈልጌ በቦታው ሰካሁ።

ካፊሉ መጣ። አልጮኸም። የቀለጠውን ሽቦ እያሳየኝ በአረብኛ «ሹፌሩ ነካክቶት ነው?» አለኝ። ጋሽ ሁሴን ከኋላው ቆሟል። አየኝ። ምንም የሚያሰጋው ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

«ዩምኪን» አልኩ። ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ኸላስ» አለ ካፊሉ፤ በቃ ማለቱ ነው።

ሽቦው አርጅቶ ነው ብል ምን ነበረበት? እሱም ውሸት ነው፤ ግን ሰው አይጎዳም ነበር። እውነቱን ብናገር ፖሊስ ጋራዡ ይመጣል፣ ኢቃማ የለኝም፣ ወደ አገሬ እጠረዛለሁ። ፈሪ ነበርኩ። ፈርቼ ዝም ብል አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ ተጠይቄ መለስኩ። ጋሽ ሁሴን በእኔ ቦታ እንደ ፊውዝ ተቃጠለ ብዬ ነገሩን ላሳምረው እችል ነበር። ፊውዝ የሚያስተምራት ልጅ የለችውም።

ከሥራ አባረው ኹሩጅ፣ ማለትም አገር ልቀቅ የሚል ማህተም፣ መቱለት። የሚሄድ ቀን ከአየር ማረፊያ ደወለልኝ።

«አያ ሽቦ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«አረንጓዴ ነበር አይደል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«መብራት የያዝኩልህ እኔ አይደለሁ እንዴ? ብናገር አንተን ነበር የሚወስዱህ። በየመን በኩል እንዴት እንደመጣህ አውቃለሁ። እኔ እንኳ በአውሮፕላን ነው የምመለሰው።»

ምን ያልኩት ይመስልሃል? «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም» ብዬ ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ኢቃማ አለኝ። ኹበር፣ አሽ-ሸማሊያ የሚባል ሰፈር፣ ደህና ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ፊውዝ የተቃጠለበት መኪና ሲመጣ ፓራውልቱን ሳላወርድ አልለቅም። ጎበዝ ይሉኛል። የጋሽ ሁሴን ልጅ ኮሌጁን አቋርጣ ኩዌት ለቤት ሠራተኝነት እንደሄደች ከአገሩ ሰው ሰማሁ።

ለምን አሁን ተናገርኩ? ቢታወቅ የሚደርስብኝ ነገር ስለሌለ ነው። ይህም የሚያስመሰግን አይደለም። አንተም ይቅር አትበለኝ፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። የጋሽ ሁሴን የአገር ቤት ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ስንቴ አውጥቼ አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን ተቆጥቶ ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ደውዬ ነበር።