የጣሪያው ምስጦች

ባዮሎጂ ከማስተምርበት ክፍል ሁለት ሰዎች ጠርተው አወጡኝ። የወሰዱኝ ወደ አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ነው። እኛ ሴቶቹ የታጎርንበት ክፍል መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል፤ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ደቃቅ ቡናማ ፍሬ እየረገፈ ምንጣፋችን ላይ ይከመራል።

ከመጀመሪያው ምርመራ ስመለስ ቀሚሴ ርሶ ነበር። ያደረጉኝን አልጽፍም። የሽንቱ ሽታ ከእኔ ቀድሞ ገባ። ጥግ ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

የሚፈለገው ልጃቸው ሲጠፋ በእሱ ፋንታ የታሰሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ያንን ፍሬ በመዳፋቸው አፍሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አስተማሪ ነሽ አሉ። ይኼ ምንድን ነው?»

«የምስጥ ኩስ ነው፣ እማማ።»

«ምስጥ አፈር ይዞ አይደል የሚወጣ?»

«ይኼኛው አፈር አይፈልግም። እዚያው እንጨቱ ውስጥ ይኖራል።»

«እንዴት ገባ?»

ነገርኳቸው። ወንድና ሴት ክንፋቸውን አራግፈው በስንጥቅ ይገባሉ፤ ቀዳዳውን ከውስጥ ይደፍኑታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ልጆች ራሳቸው ያሳድጋሉ። ልጆቹ ሲጠነክሩ እንጨቱን እየበሉ ሌላውን ይመግባሉ። ከመካከላቸው ወታደር የሚሆን አለ፤ ክንፍ አውጥቶ የሚሄድ አለ፤ ንግሥቲቱ ብትሞት የሚተካ አለ። ቤቱ እስኪሞላ ዓመታት ይፈጃል።

«ኩሱን ለምን እኛ ላይ ይጥሉታል?»

«ቤታቸውን ሲያጸዱ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ገፍተው ያስወጡታል።»

«ንጹሖች ናቸዋ!» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሳላውቀው ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ኖሯል።

እማማ ተነሥተው የውስጥ ጉርዳቸውን አወለቁና ሰጡኝ።

«በሉ፣ ሁላችሁም ፊታችሁን አዙሩ። መምህሯ ልብስ ትቀይራለች።»

ሁሉም ዞሩ። እማማ ቀሚሴን ተቀብለው የመጠጥ ውኃ ድርሻቸውን አፈሰሱበት።

«ተዉ እማማ፣ ይጠማዎታል።»

«ዝም በይ» አሉና ማሸት ጀመሩ።

አሁን ስዊድን አገር፣ ስፖንጋ በሚባል ሰፈር እኖራለሁ። በቅርቡ ለወገቤ ሕመም ቮርድሴንትራል የሚሉት ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ ሐኪሟ እስር ቤት ውስጥ ተጎድቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምታስተረጉምልኝ ልጄ ነበረች።

«እማዬ፣ ምን ልበላት?» አለችኝ፤ ቤት ውስጥ በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ የዚያን ቀን በአማርኛ።

ፊቴ ጋለ። ጥፋቱ የእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከሐፍረቱ አላዳነኝም፤ እስከዚያች ቀን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

«አዎ በያት» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

ልጄ ለሐኪሟ ከመተርጎሟ በፊት ወንበሯን አስጠግታ አጠገቤ ተቀመጠች።