የአንሴልም ፉርካድ ቁልፍ

ቱሉዝ ከተማ፣ ከጋሮን ወንዝ ማዶ፣ በእኛ ሰፈር፣ ዜሊ ፉርካድ ሶፕራኖ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት የኦፔራ ዘፋኝ፣ እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ሰዉ የሚጠራት «ያቺ የተፏጨባት» እያለ ነው። የሰው አፍ መቼም ክፍት ነው፤ ለማጣራት አይደክም።

እናቷ ወንዙ ሰፈሩን በጠራረገበት ሰኔ ስትሞት ዜሊ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጋት አባቷ፣ ቁልፍ ሠሪው አንሴልም ነው። እሱ ብረት መጨበጫው ሞርሳ ላይ አጎንብሶ ሲሞርድ እሷ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ድምፅዋ ትንሽ ከወረደ ሞረዱ ቀጥ ይላል፤ ከተቃና ሥራው ይቀጥላል። እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ሌላ አስተማሪ አልነበራትም።

አንሴልም ከቱሉዝ ቲያትር ቤት የላይኛው ሰገነት የማይጠፋ ሰው ነበር። እዚያ የሚቀመጡት ሥጋ ሻጩ፣ በርሜል ሠሪውና ጫማ ሰፊው ናቸው፤ ዘፋኞች ግን ታች ካሉት ባለ ጓንት ሀብታሞች ይልቅ እነሱን ይፈራሉ። አዲስ ዘፋኝ ሦስት ማታ ትዘፍናለች። በሦስተኛው ማታ ሰገነቱ «ተቀበልናት!» ብሎ ከጮኸ የዓመት እንጀራዋን አገኘች፤ ካፏጨ በነጋታው ሻንጣዋን ታነሣለች። ፉጨቱም በከንፈር ሳይሆን ውስጡ ክፍት በሆነ ትልቅ የበር ቁልፍ ውስጥ እየነፉ ነው። አንሴልም ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ፣ ሁሉም እንዲያየው መደገፊያው እንጨት ላይ ያስቀምጣል። እሱ ካላነሣው ማንም አያፏጭም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም አድልቶ አያውቅም።

ዜሊ ፓሪስ ተምራ በሃያ አራት ዓመቷ ተመለሰች። የመጀመሪያው ማታ ሰመረላት። በሁለተኛው ጉንፋን ያዛትና ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሸርተት አለች፤ ሰገነቱ አጉረመረመ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባትና ልጅ ሾርባ ሲጠጡ ዜሊን አላስችላት አለ።

«አባዬ፣ ዛሬ ብትቀርስ?»

«ልጄ እየዘፈነች የት ልቀር ነው?»

«ቁልፉንስ ትይዘዋለህ?»

አንሴልም ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሥጋ ሻጩን የፍርሚንን የእህት ልጅ በዚሁ ቁልፍ ሸኝቻት የለ እንዴ? ላንቺ ሲሆን ቤት ትቼው ብሄድ ምን እባላለሁ?»

«ካበላሸሁ ታፏጭብኛለህ ማለት ነው።»

«አታበላሺዋ!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። አባቷ ጓሮ ሄዶ ፊቱን ሲታጠብ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ያን ማታ እንደዘፈነችው ዘፍና አታውቅም። ጉሮሮዋ ተከፍቶ፣ ያ ያስፈራት ቦታ ራሱ እንደ ውሃ ፈሰሰላት። ዘፈኑ ሳያልቅ ግን ከላይ አንድ ቁልፍ አፏጨ። ከዚያ ዐሥር፣ ከዚያ ሰገነቱ በሙሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ሆነ። ከመድረኩ ብርሃን የተነሣ ማን ማን እንደሆነ አይታያትም፤ ግን የመጀመሪያው ማን እንደሆነ አላጠራጠራትም። አባቷ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ አንድ ብትወስድበት ሌላ ሺ ቁልፍ አለው።

ቤት ሳትመለስ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ በነጋታው በመጀመሪያው ባቡር ሄደች። ከዚያ ባሕር ተሻግራ አልጀርስ፣ ከዚያ ኦራን። መጀመሪያ ትንንሽ ቲያትር ቤቶች፣ በኋላ መርከበኞች ካርታ የሚጫወቱባቸው መጠጥ ቤቶች። ጭሱ ጉሮሮዋን በላው። አባቷ በየገናው ይጽፍላታል፤ ደብዳቤዎቹን ሳትከፍት ከቁልፉ ጋር ሣጥን ውስጥ ትከታቸዋለች። ዐሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን በማታውቀው እጅ የተጻፈ መጣና ከፈተችው፤ «አባትሽ አልጋ ላይ ነው፣ ቶሎ ነይ። ፍርሚን፣ ሥጋ ሻጩ» ይላል።

ስትደርስ ፍርሚን በሩ ላይ ቆሟል፤ አርጅቷል።

«መጣሽ እመቤቲቱ! ቀብሩን ትጠብቂያለሽ ብዬ ነበር።»

«አንተ ምን ቸገረህ? የተፏጨብኝ እኔ።»

«በአንቺ ነው ያፏጨነው ያለሽ ማን ነው?» አለና ዐይኑን ሰበረ። «በእሱ ነው እንጂ። ቀና ስል እንጨቱ ላይ ቁልፍ የለም። ‹አንሴልም፣ ቁልፍህስ?› አልኩት። ኪሱን ሁሉ ገለበጠ፤ ‹ጠፋብኝ› አለ። ‹የእህቴን ልጅ ያባረርክ ቀን ሳይጠፋብህ ለልጅህ ሲሆን ጠፋ?› አልኩና አፏጨሁ። መጀመሪያ ያፏጨሁት እኔ ነኝ። አዘፋፈንሽንማ ማን ሰምቶት!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አገር ያወቀውን ዜሊ ያን ጊዜ ሰማች፤ ፍርሚንን አልፋ ወደ ውስጥ ገባች።

አንሴልም መስኮቱ ሥር ተኝቷል። የከሰዓት ፀሐይ አልጋው ላይ ወድቋል፤ ዐይኑ ግን ከጠፋ ቆይቷል። በእርምጃዋ አወቃት።

«ዜሊዬ፣ ይቅር በይኝ። የትም ብፈልገው አጣሁት እኮ! ቁልፉ ቢኖር እንጨቱ ላይ አስቀምጬ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። አንድም ቦታ አልወረድሽም። እኔ ዝርክርኩ ነኝ ያጠፋሁሽ።»

ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት በገዛ ጥፋቷ የተቃጠለን ሰው በዚያው መሸኘት አልሆነላትም። ቁልፉን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችው። በጣቱ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ በገዛ እጁ የሞረዳቸው ናቸው።

«ፈርተሽኝ ነው?» አላት።

«አዎ፣ አባዬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። በኋላ እንባውን በአንሶላው ጠረገ፤ እጁን ዘርግቶ ከራስጌው ያለችውን ጠረጴዛ ፈለገና ቁልፉን ጠርዟ ላይ አስቀመጠ።

«በይ ዝፈኚ። የዚያን ማታውን።»

«ድምፄ የለም እኮ።»

«ዝፈኚ አልኩሽ።»

ዘፈነች። መጀመሪያው ይሻል ነበር፤ ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን ድምፅዋ ተሰንጥቆ ወደቀ፤ አድናቂ ነኝ የሚል ሁሉ አንገቱን የሚደፋበት ዓይነት አወዳደቅ ነው። ዜሊ ቁልፉን አየችው። አንሴልም ሰምቷል፤ ያ ጆሮ ይህን አያልፍም። እጁ ግን ከብርድ ልብሱ ላይ አልተነሣም።

«ተቀበልናት!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ከትንፋሽ ብዙም አይበልጥም።

ሐሙስ ዕለት ሞተ። በሕይወቱ ያዳላው ያን ጊዜ ብቻ ነው።