ከእኔ በኋላ የመጣችው ልጅ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ሥራ ስጀምር ሃያ ዓመቴ ነበር። ጋራዡ የሚታወቀው መኪና ከፍ በማድረግ ነው። ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ትንሽዬ፣ ዝቅ ያለች መኪና ይገዛል፤ አገሩ ሲያመጣት የለሚና የእነዋሪ መንገድ ሆዷን ይፍቃታል። ያኔ ወደ ጋራዡ ባለቤት፣ ወደ እኛ ጋሼ ይመጣል። ጋሼ ሞላዋን ከፍ ያደርጋሉ፣ ተደራራቢ ብረት የሆነውን የባሌስትራ ቅጠል ይጨምራሉ፣ ከሥሯ ድንጋይ የሚመክት ላሜራ ያስራሉ። እኔ ግን የሄድኩት ለዚህ አልነበረም። በስልኬ የማያቸውን ዓይነት መኪኖች መሥራት ነበር የምፈልገው፤ ጭስ ማውጫቸው የሚያገሳ፣ ቸርኬያቸው የሚያብረቀርቅ፣ ከሥራቸው ሰማያዊ መብራት የሚበራ።

ይህን በመጀመሪያው ቀን ለጋሼ ስነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና፣ "መብራቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ቡሎን ማጠብ ተማር" አሉኝ።

ስምንት ወር ቡሎን አጠብኩ። በደብረ ብርሃን ጠዋት ናፍጣ ውስጥ እጅ መንከር ምን ማለት እንደሆነ የነከረ ያውቀዋል። ብተወው ደስ ባለኝ፤ ግን መመለሻ አልነበረኝም። አባቴ አንኮበር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ወንድሞቼ ሁሉ ድቁና ሲቀበሉ እኔ ብቻ ነኝ ትምህርቱን አቋርጬ የወጣሁት፤ "መካኒክ እሆናለሁ" ብዬ። ቡሎን አጣቢ ሆኜ እንዴት እመለሳለሁ?

በዘጠነኛው ወር እሷ መጣች።

የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ ትማር ነበር፤ ወደ እኛ የመጣችው ለልምምድ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል። አባቷ በቆላውና በደጋው መካከል ሸቀጥ የሚያመላልሱባት አሮጌ ፒክአፕ ስላለቻቸው ልጅቷ ከመኪና ሥር ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቱታዋን ነው፤ አዲስ ነበር። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ "ወንድሜ፣ ከየት ልጀምር?" አለችኝ። የቡሎኑን ባልዲ አሳየኋት። በልቤ፣ ስምንት ወር ትጠብቅ፣ እያልኩ።

አራት ቀን እንኳ አልጠበቀችም። በአምስተኛው ቀን አንዲት የጭነት መኪና ከኋላዋ እየተንቋቋች መጣች። ጋሼ አዳመጡ፣ እኔም ያወቅሁ መስዬ አዳመጥኩ። እሷ ጎንበስ ብላ በመዶሻው እጀታ የባሌስትራውን ቅጠሎች አንድ በአንድ መታ መታ አደረገችና፣ "ጋሼ፣ ሦስተኛዋ የተሰነጠቀች ይመስለኛል" አለች።

ጋሼ እንድፈታው አዘዙኝ። ፈታሁ። ሦስተኛዋ ነበረች፤ ስንጥቋ ከፀጉር አይወፍርም።

"የዚች ልጅ እጅ ዓይን አለው" አሉ ጋሼ።

የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ከጋራዡ ጀርባ ተቀምጬ የራሴን እጅ ሳገላብጥ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ የመበየጃው መነጽር ወደ እሷ ሄደ። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ በልክ ማስቆረጥ፣ የሞላ ማንሻ ቀለበት ማስወጣት፣ ይህ ሁሉ የእሷ ሆነ። ደንበኞች በር ላይ ቆመው "ልጅቷ የለችም?" ማለት ጀመሩ። ከሁሉ የባሰው ግን አባቴ ናቸው። ለቤተ ክህነት ጉዳይ ከተማ በመጡበት ቀን ሊያዩኝ ጎራ አሉ። እሷ ከመኪናው ሥር ወጥታ፣ እጇ ግራሶ ስለሆነ ክርኗን ዘርግታ ሰላም አለቻቸው፤ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠቻቸው። አባቴ ሲሠራ ያዩት እሷን ነው። ሲሄዱ ትከሻዬን ይዘው፣ "ጎበዝ ልጅ ናት። አጠገቧ ሁን" አሉኝ። ስለ እኔ ሥራ አንድም ቃል አልተናገሩም። መንገዱን ተሻግረው እስኪሄዱ ድረስ አየኋቸው።

ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አልነበረችም። ከብዶኝ ስታይ መጥታ ትይዝልኛለች። የገባትን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። እኔም እሰማታለሁ፤ ከተማርኩም በኋላ ስላስተማረችኝ እጠላታለሁ።

አንድ ቀን እሷ ኮሌጅ በሄደችበት ጋሼ አንድ ነገር አሳዩኝ። አዲስ ከፍ ያደረጓትን መኪና መሪ እስከ መጨረሻው ካዞሩ በኋላ ከጎማው ጀርባ ጎንበስ በል አሉኝ። "ይህን የፍሬን ቱቦ አየኸው? መኪናዋ ከፍ ስትል ያጥረዋል። ቀጥ ብላ ስትቆም ደህና ይመስላል፤ ስትዞር ግን ይወጠራል፣ ከሞላውም ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ መያዣውን በትንሽ ብረት ወደ ታች ታወርደዋለህ። መኪና ካነሳህ በኋላ መሪውን ሳታዞርና ቱቦውን ሳታይ እንዳትለቅ።"

እኔ የማውቀው፣ እሷ የማታውቀው አንድ ነገር አገኘሁ። አልነገርኳትም።

ወሩ ረመዳን ሆነ። እሷ ጾም ላይ ሆናም ሥራዋን አልቀነሰችም፤ ያም ራሱ ያናድደኝ ነበር። ዒድ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንኮበር የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ትንሽ መኪናውን ከፍ እንድናደርግለት አመጣ። ጋሼ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ይሄዱ ነበርና ሥራውን ለሁለታችን ሰጡን፤ "የፊቱን እሷ፣ የኋላውን አንተ" ብለው። የፊቱ ነው ዋናው ሥራ። ስምንት ወር ከእሷ ቀድሜ የገባሁት እኔ የኋላውን።

ሐሙስ ከሰዓት ጨረስን። ቆንጆ ሆነች። እሷ ዕቃ ስትሰበስብ እኔ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞርኩና ጎንበስ አልኩ። የቀኙ ደህና ነበር። የግራው ቱቦ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ሞላውን ነክቷል።

ብድግ አልኩ። "እንዴት ነው?" አለችኝ ከወዲያ ማዶ።

"ጥሩ ነው" አልኳት።

ያሰብኩትን አሁን ሳልደብቅ ልናገር። ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። መምህሩ ከቀናት በኋላ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰበት ይመለሳል፣ ጋሼ ያያሉ፣ "ማነው የፊቱን የሠራው?" ይላሉ፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ያሰብኩት። ያንን የጋሼን ፊት ነበር የምመኘው።

ዓርብ ከሰዓት መምህሩ መኪናውን ሊወስድ መጣ። ልጅቷ ለበዓሉ ወደ ቤቷ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር። መምህሩ፣ "ነይ ግቢ፤ እስከ አሊዩ አምባ አደርስሻለሁ። መኪናዋን ቁልቁለት ላይ ልሞክራት" አላት። እሷም ስቃ ገባች። እጇን በመስኮት አውጥታ ተሰናበተችኝ።

ሰዓት ያህል ዕቃ ስደረድር ቆይቼ መጥረጊያ አንስቼ ግቢውን መጥረግ ጀመርኩ። አንኮበር ድረስ ያለው አብዛኛው መንገድ ሜዳ ነው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ግን ሰው ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። መጠምዘዣ በመጠምዘዣ፤ እያንዳንዱ መጠምዘዣ ላይ ደግሞ መሪው እስከ መጨረሻው ይዞራል። መጥረጊያውን ጣልኩና ደወልኩ። ሁለቴ አልያዘልኝም። በሦስተኛው አነሳችው።

"ቁሙ! መኪናዋን አቁሟት፤ እንዳትወርዱ" አልኳት።

"ምን ሆነ?"

"የግራው የፍሬን ቱቦ። ሲዞር ይወጠራል፤ ሞላው እየፈገፈገው ነው።"

ለመምህሩ ስትነግረው ሰማሁ። በር ተከፈተ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የነፋስ ድምፅ ብቻ።

"ተልጧል" አለችኝ ተመልሳ። "ወላሂ፣ ውስጡ ያለው ክር ይታያል።" ቀጥላም፣ "መቼ ነው ያየኸው?" አለች።

"አላየሁትም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።"

"እሺ። አዲስ ቱቦ ይዘህ ና።"

ከመደርደሪያው ቱቦ፣ የፍሬን ዘይትና ሁለት ቀዳዳ ያለው ብረት ይዤ ወጣሁ። ወደ አንኮበር የሚሄድ አይሱዙ ለምኜ ተሳፈርኩ። የቆሙት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ የገብስ ማሳ ዳር ነበር። ጉሙ ከገደሉ በኩል ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። እሷ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፋ የግራውን ፈትታ ጨርሳለች። መምህሩ ጋቢውን ተከናንቦ፣ "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አንተ ባትደውል ምን ይውጠን ነበር!" አለኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ጎን ለጎን ተንበርክከን ሠራን። ቱቦውን ቀየርን፣ መያዣውን ወደ ታች አወረድን። መምህሩ ፍሬኑን እየረገጠ እኛ አየሩን አስወጣን። እሱ መኪናው ውስጥ ስለነበር አይሰማንም።

"ትናንት ነው ያየሁት" አልኳት፣ ዓይኔን ከቡሎኑ ሳላነሳ።

"አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"ትዝ ያለው ሰው 'ቱቦውን እዩ' ነው የሚለው። አንተ 'የግራው' አልክ።" ቡሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀች። "እኔን ጠልተህ ነው፤ ያ ይገባኛል። መምህሩ ግን ምን አደረገህ?"

የፈሰሰውን የፍሬን ዘይት በጨርቅ ጠረግሁ።

ሥራው ሲያልቅ ፀሐይ ገብታ ነበር። ቢስሚላህ ብላ በውሃ ጾሟን ፈታች። ከቦርሳዋ ተምር አውጥታ ለመምህሩ ሰጠች፤ ለእኔም ዘረጋችልኝ፣ ፊቷን ግን አላዞረችም። መሪውን ራሷ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙራ አየች፤ ከዚያ ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ከመደርደሪያው ቱቦ መጉደሉን አዩ። እሷ ገና ከቤቷ አልተመለሰችም። "ተበላሽቶ ነው" ብል ያልፍ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁም። ቁልፎቼን የጠቀለልኩበትን ጨርቅ ከወገቤ ፈትተው ወሰዱ።

"ያን ነገር ያሳየሁህ ለመኪናው ብዬ ነበር። ለአንተ መሰለህ?" አሉኝ።

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መጀመሪያ አንኮበር ሄጄ ለመምህሩ እውነቱን እንድነግር አዘዙኝ። ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀና ወደ ክፍሉ ገባ። መኪናውን ከዚያ በኋላ ወደ እኛ አምጥቶ አያውቅም። ቀጥሎ ጋሼ በዚያ ዓመት ከፍ ያደረግናቸውን መኪኖች ሁሉ ባለቤቶች እየደወልኩ እንድጠራና እያንዳንዱን ቱቦ በግራም በቀኝም እንዳይ አደረጉኝ። ሁለት ወር ያህል ሌላ ሥራ አልነካሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሙያ የተማርኩት ያኔ ነው። አንድ መኪና ከፍ ሲል ከሥሩ ያለው ነገር ሁሉ እንዴት ቦታውን እንደሚለቅ በዓይኔ አየሁ። የሰማያዊ መብራቱም ሐሳብ በዚያው ቀረ።

እሷ ከበዓል ተመልሳ ልምምዷን ጨረሰች። ከሥራ ውጭ አላነጋገረችኝም። ሄዳ ቆላው ውስጥ የራሷን ጋራዥ ከፈተች፤ የዚያ መንገድ ሾፌሮች ሁሉ ስለ እሷ ያወራሉ። እኔም ጋሼ ጋር ቀረሁ፤ አሁን የፊቱንም የኋላውንም የምሠራው እኔ ነኝ። ሾፌሮቹ እሷን ባመሰገኑ ቁጥር ግን ያ የድሮው ቅናት ይነሳብኛል። ይጠፋል ብዬ ነበር፤ አልጠፋም።

ባለፈው ክረምት ደወለችልኝ። ከዓመታት በኋላ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስረዘመችም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዶልፊን ሚኒባስ ኋላ ከፍ አድርጌ ካርዳኑ ይንቀጠቀጥብኛል። ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ አልገባኝም።"

በኋላው አክስልና በባሌስትራው መሃል እንደ ሽብልቅ ያለ ብረት አስገብታ፣ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን የካርዳኑን ዘንግ አንግል እንድታስተካክል ነገርኳት። የብረቱን ሥዕል ሠርቼ በስልክ ላክሁላት። በመሃል እያቋረጠች ጠየቀችኝ፤ የማውቀው እስኪያልቅ ድረስ ሁሉንም ነገርኳት።

"አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ" አለችና ዘጋችው።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት አንዲት ፒክአፕ ከፍቼ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ከፍ ካደረግኋት በኋላ መሪዋ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ምክንያቱ ጠፍቶኛል። ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ብትሆን በአንድ ቀን ውስጥ ታገኘው እንደነበር አውቃለሁ። 'አልገባኝም' ማለት እንዲህ ቀሏት መደወሏ፣ ለዚያውም ለእኔ፣ ከእጇ ችሎታ ይልቅ አስቀናኝ። ቁጥሯን ከፍቼ ትንሽ አየሁት። ከዚያ ሳልደውልላት ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ፒክአፗ ሥር ተመለስኩ።