በታሰሩ አውራ ጣቶች

ውሃ እፈራለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። በእኛ አገር ወንድ ልጅ እባብ እፈራለሁ ቢል ይሳቅበታል፤ ጥይት እፈራለሁ ቢል ይታዘንለታል። ውሃ እፈራለሁ ቢል ምን እንደሚባል ግን አላውቅም፤ ብሎ የሚያውቅ የለምና። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ከወንዙ ማዶ ጉዳይ እንዳይኖረኝ አድርጌ እኖር ነበር። ገበያም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ምክንያት አይጠፋም።

ባለቤቴ በዚያ ክረምት ማህፀኗ ይደማ ጀመር። ዝናቡ ጋብ ያለበት ሰሞን ስለነበረ፣ ወንድሟና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙን በእግር አሻግረው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አገቧት። እኔ ቤትና ከብት ልጠብቅ ቀረሁ። በዚህ ዘመን ቤት ዘግቶ መሄድ፣ ኑና ውሰዱት ብሎ እንደ መጥራት ነው። እነሱ በሄዱ ማግሥት ሰማዩ ተቀደደ። ሳያቋርጥ ዘነበ።

በፍልሰታ ጾም መካከል አንድ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ። ወንድሟ ነው።

«አያ፣ ቶሎ ድረስ! ሊቀዷት ነው። ደም ይሻሉ። የእኔን ወስደዋል፤ አልበቃም። ከባሕር ዳር እንዳይመጣ መንገዱ...»

ተቋረጠ። ብሞክር፣ ብሞክር፣ የለም።

በድልድዩ በኩል ዞሬ እንዳልሄድ አስፋልቱ ዝግ ነው፤ ከቡሬ አቅጣጫ ከንጋት ጀምሮ ይተኮሳል። የቀረው ወንዙ ነው። ከብቶቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ወረድሁ። ስወርድ በየድንጋዩ እየተቀመጥሁ አርፍ ነበር፤ ቁልቁለቱ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁት።

ወንዙ አተላ መስሎ ይፈላል። ድምፁ የሚሰማው በጆሮ አይደለም፣ በሆድ ነው። ከሥር ድንጋይ ያንከባልላል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከፊቴ አለፈ፤ ቅርንጫፉ እንደ ሰው እጅ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል።

በእኛ ወንዝ ክረምት ክረምት ሰው የሚያሻግር ዋናተኛ አለ። ምላሱ ከውሃው ይብሳል። ከዛፍ ሥር ከጀሪካኖቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት።

«አያ! ምን ተአምር ነው? በነሐሴ አንተን እዚህ ያየ ሰው አለ?»

«ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው» አልሁት።

ቀልዱን ወዲያው ተወ። ልብሴን በላስቲክ ጠቀለለ፤ ባዶ ጀሪካኖች ከብብቴ ሥር አሰረልኝ።

«በጀርባህ ትተኛለህ። እኔ ፀጉርህን ይዤ እጎትትሃለሁ። አንተ ሥራ የለህም።»

«እንዴት ሥራ የለኝም?»

«የለህማ! ሬሳ ምን ሥራ አለው? ሬሳ ሁን። ከያዝኸኝ እመታሃለሁ። ካልለቀቅኸኝ እተውሃለሁ፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

እሺ አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲጠፋ፣ ውሃው አፍንጫዬ ላይ ሲወጣ፣ እጆቼ እኔን ሳይጠይቁ አንገቱን አነቁት። አብረን ሰመጥን። በጨለማው ውስጥ አፍንጫዬን በክርኑ ሲለኝ ብቻ ለቀቅሁት። ደራሽ ውሃው ወደ ታች ወስዶ በዚያው በተነሣንበት ወገን ዳር ላይ ጣለን።

የጠጣውን ተፍቶ ሲጨርስ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሬ ነህ?» አለኝ። «በሬስ እንኳ ይንሳፈፋል! እጅህ ካልታሰረ ከእንግዲህ አላሻግርህም።»

ላስቲኩን ፈትቶ ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዘዘ። ገመድ ይፈልጋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አጋጥሞ፣ «እንዲህ ነው የማስረው» አለኝ።

እጄን መንጭቄ ተነሣሁ። በእኛ ዘንድ አውራ ጣቱ በክር የሚታሰር ሬሳ ነው። አባቴ ሲገነዝ ጣቶቹን አጋጥሜ የያዝሁለት እኔ ነበርሁ፤ ቅዝቃዜያቸው እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣም። በቁሙ የተገነዘ ሰው ደግሞ ማን ይፈታዋል? ምልክት ነው፣ መሞቻዬ ነው አልሁ በልቤ። ዳገቱን ወደ ቤቴ ጀመርሁት። እውነቴን ነው፤ ሚስቴን ትቼ ዳገቱን ጀመርሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ፊደል የቆጠርሁት በጉልምስናዬ ነው፤ ጉልበቴ ከሕፃናት ዴስክ ሥር አልገባ እያለ። የተማርሁትም ለጽድቅ አይደለም። የንስሐ አባቴ፣ የእግዚአብሔር ኃይል የሚታየው በሰው ድካም ነው ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ደካማ ሰው የሚያገኘውን አውቀዋለሁ፤ ድንበሩ ይገፋል፣ ላሙ ይነዳል። እንግዲያ ቃሉ እውነት ተጽፎ እንደሆነ በገዛ ዓይኔ ላጣራ ብዬ ተማርሁ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየገፋሁ ደረስሁበት። ተጽፏል። ቄሱ አልዋሹም። እኔ ግን አላመንሁም፤ መጽሐፉን አጥፌ ወደ እርሻዬ ሄድሁ። እንጀራዬ ክንዴ ነው፣ አበቃ።

ዳገቱ ላይ ያቆመኝ ያ ቃል ቢሆን ደስ ባለኝ፤ አይደለም። «አልበቃም» ያለው የወንድሟ ድምፅ ነው። እሷን የሚበቃት ደም በእኔ ሥር ውስጥ ሆኖ ወደ ቤት እየሄደ ነው። ቆምሁ። ለመሄድም ለመመለስም አቅም አጣሁ፤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ያ የድካም ቃል ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ተመልሼ ወርጄ አውራ ጣቶቼን ዘረጋሁለት። ሲያስራቸው የጸለይሁት ጸሎት ጸሎት ይባል እንደሆነ አላውቅም። «ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ በዚህ እጅ ታመንሁ፤ ይኸው ታሰረ። ካለህ አሁን ነው» አልሁ። ንዴት ነበረበት።

ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባ። ከሥሬ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማኛል፤ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው። መሃል ላይ ስንደርስ ውሃው አሽከረከረን፤ ጣቶቼ ክሩን ሊበጥሱ ታገሉ፣ ሥጋዬን ቆረጠኝ። ከዚያ ደከሙ። ፍርሃቱማ የት ይተወኛል፤ እስከ ማዶ እንደፈራሁ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ፣ ከዋናተኛው እጅ ሌላ አንድ ያልታየኝ ነገር ከወገቤ በታች እንደ መደብ ደግፎኝ ነበር። ሰው ምንም ይበል።

ማዶ ስንደርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰልኝ። የግንዘት ክር በጥርስ ሲበጠስ ያን ቀን አየሁ።

ሆስፒታሉ ስደርስ ጣቴን ወጉኝ። ደም የምትመረምረው ሴት መሣሪያዋን አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ የእርስዎ ደም አነስተኛ ነው። አይወሰድም።»

«እንዴት አነስተኛ? በሬ ጠምጄ የምውል ሰው!»

«እሱ ሌላ ነው አባባ። ከወሰድንብዎት እርስዎም ይተኛሉ። ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ቶሎ!»

ከወንዙ የባሰው ይህ ነበር። ያን ሁሉ መጥቼ በእጄም በደሜም አልረባሁም። ወንድሟ ገርጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። ወጣሁ። የበሽተኛ ዘመዶች ዝናቡን በጣራው ጥግ ተጠልለው ተደርድረዋል። የማውቀው ሰው የለም። እጄን ባየው፣ አውራ ጣቶቼን ሳላውቀው አጋጥሜያቸዋለሁ።

በሕይወቴ ለምኜ አላውቅም። ጮህሁ።

«ስለ ማርያም! ሚስቴ ልትሞት ነው! ደም ስጡኝ፣ ስለ ማርያም!»

«ይኸው፣ ዛሬ ደግሞ ደም ይለመን ጀመር!» አለ አንዱ፤ ተሳቀ።

«ምን ያስቃችኋል? እናንተ ዕቃ!» አለች፣ ከፈረስ ቤት ከተማ እናቷን ልታስታምም የመጣች ሴት። ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። «ና ምራኝ ወንድሜ። እኔ እንደምታየኝ ወፍራም ነኝ፤ ቢወስዱልኝ ደስታዬ ነው።»

የእሷ ደም ገጠመ።

ባለቤቴን ካስገቧት ክፍል እስኪያወጧት ድረስ የተቀመጥሁትን አቀማመጥ አልነግራችሁም። እግዚአብሔርን ምንም አልጠየቅሁትም፤ አውራ ጣቶቼን አጋጥሜ ጠበቅሁ እንጂ። ማታ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ያበጠ አፍንጫዬን ነው።

«ማን መታህ?»

«ወንዝ ተሻግሬ ነው።»

«አንተ? ውሃ እየፈራህ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ይነገራል እንዴ?» ብላ ልትስቅ ስትል ቁስሉ ያዛትና ዓይኗን ጨፈነች።

እሷን ለወንድሟ ትቼ ወደ ከብቶቼ ስመለስ ውሃው ጨምሮ ነበር። ዋናተኛው ከሩቅ አይቶኝ፣ «አያ፣ ዛሬስ ለመድኸው ወይስ ልሰርህ?» አለኝ።

አልለመድሁትም። ፍርሃቴም እንዳለ ነው። ክሩን ከጋቢዬ ራሴ መዝዤ ሰጠሁት።